የብርነሽ ቤት መርዶ

ግዛው እንበለው። ወደ ጀሞ የመጣው በዚህ ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም እሱ ራሱ እንኳ የሚያስታውሰው አልፎ አልፎ ነበር። ጊዜው 2009 ዓመተ ምሕረት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ በወሩ ገደማ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ፤ በሯ ላይ «የቧንቧ ጥገና» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ መፍቻዎቹን በምስማር ሰቀለ። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ግዛው ቧንቧ» ይለው ጀመር። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ የሚያውቅን ሰው ከየት መጣህ የሚለው የለም። እድር ውስጥ እንኳ ያለ ዋስ ነው ያስገቡት።

የተላከው ግን ለቧንቧ አልነበረም፤ ለአንዲት ሴት ነው።

ብርነሽ ትባላለች። ከሱቁ አጠገብ ባለችው ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አላት፤ ብቻዋን ትኖራለች፣ ማለትም ብቻዋን ነው የሚባለው። ቤቷ የገባ ጎረቤት የለም። በሯን ያንኳኳ ሰው በሰንሰለቱ ክፍተት አንድ ዓይኗን ያያል፣ «ነገ ሱቅ እንገናኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አለቀ። ሰፈርተኛው ኩራት ነው ይላል። ጎረቤቷ እትዬ ሸዋረገድ ብቻ «ተዉአት፣ የፈራ ሰው እንዲህ ነው» ትላለች፤ ምን እንደምትፈራ ግን እሷም አታውቅም።

ግዛውን የላከው የደኅንነት አለቃው ግን ያውቃል። የብርነሽ ታናሽ ወንድም ብሩኬ የመሬት ቀያሽ ነበር። በለቡ በኩል ያለ የገበሬ መሬት ለእነማን እንደታደለ የሚያሳይ ካርታና የስም ዝርዝር ገልብጦ ከመሥሪያ ቤቱ ሲያወጣ ተነቃበት። አብሮት የነበረው ባልደረባው ተይዞ ሄደ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተሰቦቹ መጥታችሁ አስከሬን ውሰዱ ተባሉ። ብሩኬ ግን ጠፋ። የብርነሽን ቤት አንዴ ፈትሸው ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ አለቃው በበላዮቹ ፊት መሳቂያ ሆነ። ሁለተኛ ባዶ እጁን መውጣት ስላልፈለገ መልከ መልካምና አንደበተ ለስላሳ ሰው ፈለገ፤ ግዛውን ላከ።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነበር፤ ሴትዮዋን ማላመድ፣ ራሱን ማስወደድ፣ ማናገር። ግዛው እንዲህ ያለውን ሥራ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለቴም ተመስግኗል። በዚህኛው ግን ነገሩ ተገለበጠበት። ብርነሽ ከየት መጣህ፣ ሚስት አለህ ወይ፣ ዘመድህ የት ነው ብላ ጠይቃው አታውቅም። ሚስጥር ያለው ሰው የሰው ሚስጥር አይጠይቅም። የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ እሱ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ የቧንቧ ጎማ ይቆርጣል፤ የተቀደደ ኮቱን ሳይጠይቃት ነጥቃ ትሰፋለታለች፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኖቿን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣላታል፣ ደፍ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አንድ ቀን እጁን አየችና «ይሄ የቧንቧ ሠራተኛ እጅ አይደለም፤ ስትጀምረው አርጅተሃል» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ግን ያን ዕለት ምሳው አልወረደለትም።

ጥር ላይ ነገሩን አወቀው። የየቤቱ የውሃ ቆጣሪ ከደረጃው ሥር ተደርድሯል። እሱ ተንበርክኮ አንዱን ሲፈታ ብርነሽ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፊቱ ቆማ ስለ ክር ዋጋ ታማርር ነበር። በዚያው ቅጽበት የእሷ ቆጣሪ መርፌ መዞር ጀመረ። ቤቷ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሰው ውሃ እየቀዳ ነው። «ቧንቧ ክፍት ትተሽ ይሆን?» አላት ሳያስበው። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። «ረስቼው ይሆናል» አለችና ደረጃውን ሮጠች።

ያን ዕለት ለአለቃው በጻፈው ወረቀት ላይ «አዲስ ነገር የለም» አለ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፍርሃት ቤቱን ሠራበት። ስልኩ ሲጮኽ ይደነግጣል፤ ሳይጮኽ ሲውል ደግሞ ይብስበታል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁለቴ ካየው ሳይደርስ ይወርዳል። ብርነሽ ብታውቀው ያጣታል፤ አለቃው ቢያውቅ ብሩኬንም እሱንም ያገኛቸዋል። በሁለቱ መሃል ቧንቧ እየጠገነ ሁለት ወር ከረመ።

መጋቢት ውስጥ፣ በሁዳዴው አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ አለቃው ላፍቶ ወዳለ ጭማቂ ቤት ጠራው። አለቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሰው ሲያናግር የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክላል። ግዛው ከሚጮኽ ሰው ይልቅ ያንን እጅጌ ይፈራ ነበር።

«እናቷ ትናንት አርፋለች» አለው አለቃው። «ቡታጅራ። ዛሬ ጠዋት ተቀበረች።»

ግዛው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ብርነሽ አልሰማችም።»

«አልሰማችም። አጎትየው ለእድራችሁ ዳኛ ደውሎ ሲነግረው ሰምተናል። መንገዱ በዚህ ሰሞን አያስተማምንም፣ ብቻዋን ሰምታ እንዳትጎዳብን፣ እናንተ አርዱልን ብሏል። ቅዳሜ ማለዳ ያረዷታል። አንተም እድርተኛ ነህ፣ አብረህ ትገባለህ።»

«ገብቼስ?»

«ምንም አታደርግም፤ ትሰማለህ።» አለቃው እጅጌውን አስተካከለ። «ሰው ከፖሊስ ይደበቃል፣ ከረሃብም ይደበቃል። የእናቱን ሞት ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ ግን አልተወለደም። ከዚያ ቤት የወንድ ልቅሶ ከወጣ፣ ከየትኛው ግድግዳ እንደወጣ ብቻ አሳየኝ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ይሆናሉ። እኔም ጋቢ ለብሼ ከኋላችሁ እገባለሁ፤ በመርዶ ማለዳ ዘመድ አይቆጠርም።» ከዚያ ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ ጨመረ። «ደግሞ ወረቀቶችህን አነበብኳቸው። አምስት ወር ሙሉ አዲስ ነገር የሌለበት ቤት እኔ አላውቅም።»

ግዛው ከላፍቶ እስከ ጀሞ በእግሩ ሄደ። ሚኒባስ መሳፈር አስፈራው፤ ሰው ፊቱን እንዳያየው ነው። በሰው ሠርግ ገብቷል፣ በሰው ክርስትና ገብቷል፤ የበላበትን ቤት አሳልፎ ሰጥቷል፤ ይህን ሁሉ አድርጎ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። መርዶን ወጥመድ ያደረገ ሰው ግን ሰምቶም አያውቅም።

አርብ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ሰላይ ሆኖ ዋለ። የኛን አገር ሰው እዩት፤ ሌላ ጊዜ አንዲት ወሬ አፉ ውስጥ አታድርም፤ መርዶ ሲሆን ግን አምስት ፎቅ ሙሉ ሕዝብ አንድ አፍ ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። እትዬ ሸዋረገድ ባቄላዋን ዘፍዝፋ ጨርሳ፣ በብርነሽ ሱቅ ስታልፍ «ዛሬስ አምሮብሻል!» አለቻት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኑሪ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ከመጋዘን አስወጥቶ «ለስብሰባ ነው» አለ። ዳቦ ሻጯ ሳይቀር ሁለት ዳቦ መረቀችላት። ብርነሽ በሰው ደግነት ተገርማ ፈገግ እያለች ዋለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሊነግራት ቆርጦ ወደ ሱቋ ገባ። የሚለውን አዘጋጅቶታል፤ እናትሽ አርፋለች፣ ነገ ማለዳ ይመጣሉ፣ ላይ ያለው ሰው ዛሬውኑ ይስማ፣ አፉን በጨርቅ አፍኖ ዛሬ ያልቅስ፣ ነገ ድምፁን እንዳያሰማ። ብሩኬን ማውጣት አይቻልም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ብሎኩ መግቢያ ላይ ጫማ እያስጠረጉ ነው፤ የአንድ ሰው ጫማ በቀን ስንቴ ይጠረጋል? መንገር ግን ይቻላል። እርግጥ «አንተ በምን አወቅህ?» ትለዋለች። እሱንም ይነግራታል፤ የመጣው ይምጣ።

«መጣህ? ልጠራህ ነበር» አለችው። ጠርታው አታውቅም። ጉልበቷ ላይ ነጭ ቀሚስ ዘርግታ ጠርዙን በእጇ ትዘመዝማለች። «ለእማዬ ነው፤ ለፋሲካ። እሁድ ደርሼላት ብመለስ ብዬ ነው የምቸኩለው። እየው እስቲ፣ አንገቱ አልሰፋም?»

«አልሰፋም።»

«ግዛው።» መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችው። «ለፋሲካ አብረኸኝ ትሄዳለህ? እማዬ ሳታይህ ሆዴ አይቆርጥልኝም። እኔ ሰው አላምንም፤ ይሄን ታውቃለህ። ምክንያት አለኝ፤ አንድ ቀን እነግርሃለሁ። አንተን ግን እንጃ፤ አመንኩህ።»

ግዛው አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። አምስት ወር ሙሉ ሊሰማው የተላከው ቃል ይኸው፤ በልቡም ሌት ተቀን የለመነው ቃል ይኸው። አሁን «እናትሽ ሞታለች፣ እኔም ሰላይ ነኝ» ብሎ መመለስ ነበረበት። ፈራ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራ።

«ደስ ይለኛል» አላት።

«ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ስልኳ አይነሳም» አለች ብርነሽ፣ መርፌዋን መልሳ እያነሳች። «ኔትወርክ ይሆን?»

«ኔትወርክ ነው» አለ ግዛው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ሰዎች ደረጃውን ወጡ። ጋሽ ኑሪ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከፊት፤ እትዬ ሸዋረገድና ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኋላው፤ ከዚያ ወንዶቹ፤ መጨረሻ ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ አንድ ሰው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጎረምሶች ስልክ እየነካኩ ቆመዋል። ጋሽ ኑሪ እነሱን ሲያይ «እናንተም ለመርዶው ናችሁ?» አላቸው፤ «አዎ አባባ» አሉት። ግዛው የደረጃውን ብረት ይዞ ወጣ።

በሩ ተንኳኳ። በሰንሰለቱ ክፍተት አንድ ዓይን ታየ። ያ ዓይን ጋሽ ኑሪን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ አልተርገበገበም። በዚህ አገር ማለዳ ደጁ ላይ ይህን ያህል ሰው ያየ ሁሉ ይገባዋል፤ ገና ሳይነግሩት «ማን ሞተ?» ብሎ ይጮኻል፣ ራሱን መሬት ላይ ይጥላል። ብርነሽ ግን ሰንሰለቱን ቀስ ብላ ፈታች፣ በሩን ከፈተች፣ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ» አለች በሹክሹክታ። «እባካችሁ፣ ቀስ በሉ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ገቡ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የጨርቅ ጥቅል። ከመኝታ ቤቱ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ጣውላ ግድግዳ ነው፤ ጀሞ ውስጥ ቤቱን በኮምፔንሳቶ ያልከፈለ የለም፣ ለፈታሾችም እንግዳ አልሆነባቸው ይሆናል። ግዛው ግን ቱቦ ለመዘርጋት ግድግዳ ሲለካ ነው የከረመው። የመኝታ ቤቱን መግቢያ ውፍረት ሲያይ ሁሉም ገባው፤ ኮምፔንሳቶው ሁለት ነው፣ በመሃሉ ቀጭን ሰው በጎኑ የሚቆምበት ክፍተት አለ። ሰው ሳያየው ሄዶ ጀርባውን እዚያ ላይ አስደገፈ። ከእንጨቱ ማዶ ትንፋሽ ሰማ፤ ወይም የሰማ መሰለው። የራሱን ትንፋሽ ያዘ።

«ብርነሽ ልጄ» ብሎ ጀመረ ጋሽ ኑሪ፣ «ሁላችንም በዚህች ዓለም እንግዶች ነን። የሰጠን ፈጣሪ...»

«ገብቶኛል ጋሽ ኑሪ።» ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታዋለች፤ ድምፅዋ በጨርቁ ውስጥ ነው የሚወጣው። «ገብቶኛል። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ስሟን አይጥሩብኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባው። ስንት ቤት አርድቷል፤ ሰው ራሱን ሲስት፣ ሲሳደብ፣ ሲሮጥ አይቷል፤ በሹክሹክታ የሚለምን ግን አላጋጠመውም። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ በሩ አጠገብ ቆሞ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጓል። ብርነሽ ከንፈሯ እስኪደማ ትነክሳለች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ከጉሮሮዋ ግን ምንም አይወጣም። ያቺ ሴት የእናቷን መርዶ ሰምታ እናቴን ማለት አልቻለችም። ግዛው ይህን ሲያይ በራሱ ላይ የተሰማውን ጥላቻ የሚያክል በሕይወቱ አልተሰማውም።

ክፉ ሰው አላጠፋትም፤ ደግ ሰው ነው ሊያጠፋት የደረሰው። እትዬ ሸዋረገድ ልጅቷ በውስጧ አምቃ እንዳትታመም ሰጋች፤ ልቅሶ ካልወጣ ይገድላል። ስለዚህ ማልቀስ የሚችሉ ሴቶች እንደሚያደርጉት ደረቷን መታችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ወይኔ እማማ ትርፌ! ወይኔ የቡታጅራዋ እመቤት! ልጆችሽን ሳታዪ አፈር የገባሽ!»

በግዛው ጀርባ ያለው እንጨት ተንቀጠቀጠ። ከውስጡ ድምፅ ወጣ፤ ጎርናና፣ የታፈነ፣ የወንድ ድምፅ። «እማ...» አለ። አለቃው ከጋቢው ውስጥ ቀና አለ። ብርነሽም ቀና አለች፤ ዓይኗ በድንጋጤ የዓይን መልክ አልነበረውም።

ግዛው ጮኸ።

«እማዬ! እማዬን!» ብሎ ጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። «እማማ ትርፌ! ለፋሲካ ልመጣልሽ! ሳላይሽ!» ጀርባውን በኮምፔንሳቶው ላይ ደቃው። ከማዶ ብሩኬ ግንባሩን ይመታል፤ እሱ ከዚህ በኩል ጭንቅላቱን ይመታል፤ የማን ምት የማን እንደሆነ እንዳይለይ ያንኑ እየተከተለ መታው። ብሩኬ ድምፁን ሲያነሳ ያነሳል፣ ሲሰብር ይሰብራል። ወንዶቹ ዘለው ያዙት፤ «ኧረ ተው! ኧረ ወንድ ልጅ!» አሉት፤ አልያዝ አለ። ሴቶቹ በእሱ ልቅሶ ሆድ ባሳቸውና ሁሉም በአንድነት ለቀቁት፤ ቤቱ ታወከ። የትኛውም ድምፅ ከየትም ይምጣ፣ በዚያ ሁካታ ውስጥ የሚለየው አልነበረም። ግዛው እንባው በአፉ ሲገባ ነው እውነተኛ እንባ መሆኑን ያወቀው።

ብርነሽ እያየችው ነበር። አታለቅስም።

አለቃው ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ጠበቀው። ጎረምሶቹን ወደ ታች ላካቸው። ጋቢውን አውልቆ በክንዱ ይዞ እጅጌውን ያስተካክላል።

«ማን ነው ያለቀሰው?»

«እኔ ነኝ።» ድምፁ ሻክሯል። «እጮኛዋ ነው የሚሉኝ፣ ባላለቅስ ይነቃብኛል።»

«ካንተ በፊት ሌላ ድምፅ ሰማሁ።»

«የኔው ነው። ስጀምር አፍኜው ነበር።»

አለቃው እጅጌውን ለቀቀ። «እንግዲያው አሁን ጀምረው» አለ። «እዚሁ። እንደዚያው አፍነህ።»

ግዛው ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። ከላይ የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። ሽንቱ ሊያመልጠው ደርሷል። አፉን በእጁ ሸፈነና «እማ...» አለ፣ ከእንጨቱ ማዶ እንደሰማው አድርጎ፣ በማያውቀው ሰው ድምፅ። አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «እንደገና» አለው። እንደገና አለቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ አስደገመው። ከዚያ አለቃው ዓይኑን ገለጠና አመነም አላመነም ሳይል ጋቢውን መልሶ ለበሰ። «ልጆቹ እስከ ማክሰኞ መግቢያው ላይ ይቆያሉ» አለና ወረደ።

ድንኳኑ ከብሎኩ ፊት ተተከለ። ሰፈሩ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ድርቅ አለች፣ ያ ቧንቧ ሠራተኛ ግን ሟቿ እንደ ወለደችው ልጅ አለቀሰ። «እንዲህ ያለ አማች ማን ያገኛል!» ተባለ። ግዛው ውሃ በጀሪካን ያመላልሳል፣ አግዳሚ ያነሳል፣ ሰው «አይዞህ» እያለ ትከሻውን ሲመታው አንገቱን ይደፋል። ብርነሽ አጠገብ አልደረሰም። ሌሊት ሴቶቹ አብረዋት ያድራሉ፤ ብሩኬ በሁለቱ ኮምፔንሳቶ መሃል አንዲት ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ሁለት ሌሊት እንደቆመ የሚያውቁት እሷና እሱ ብቻ ናቸው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ እሱ ከድንኳኑ ጀርባ በርሜል ሲሞላ፣ ብርነሽ እጇን ለመታጠብ መጣች። ፊቷ ደርቋል፤ ከንፈሯ ላይ የነከሰችበት ቦታ ጠቁሯል።

«ያን ግድግዳ ለምን ተደገፍከው?» አለችው ወደ ውሃው እያየች።

ግዛው ቧንቧውን ጨምሮ ከፈተው።

«ከኋላው ሰው መኖሩን ካላወቅህ፣ ድምፅ አትሸፍንም። መቼ አወቅህ?»

«ጥር። በቆጣሪው።»

«ለነሱ ነው የምትሠራው?»

ግዛው ውሃውን ዘጋው። «አልነገርኳቸውም፣ ብርነሽ። በእግዜር።»

ሳሙናው ሁለቴ አመለጣት። ቀና ብላ ስታየው እሱ የሚጠብቀው ንዴት ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፣ እሱን ራሱን መፍራት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አርብ ዕለት ቀሚሱን ሳሳይህ፣ እማዬን ታያታለህ ስልህ፣ ታውቅ ነበር?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።»

«ሰፈሩ ለኔ ብሎ ነው የደበቀኝ። አንተስ?»

ግዛው በርሜሉን ከደነ።

«ስማ» አለችው። «በምሳ ሰዓት ሴቶቹን ሁሉ ወደ ድንኳን አወርዳቸዋለሁ። ከወንዶቹ ጋር አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ይወርዳል። ያንተ ሰዎች መግቢያው ላይ ናቸው፤ ዞር አድርግልኝ። የምለምነው ስለማምንህ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። አሳልፈህ ከሰጠኸውም እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።» ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «ከዚያ በኋላ ግን፣ በእናቴ አፈር፣ ዓይንህን አታሳየኝ።»

በምሳ ሰዓት ድንኳኑ ሞላ። ግዛው ወደ ሁለቱ ሰዎች ሄደ። «አራተኛ ፎቅ፣ በጀርባ በኩል መስኮት ተከፍቷል» አላቸው። «አለቃው ሁለታችሁም ዙሩ ብሏል።» ይህን ሲል ነገ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ አለቃው አለማለቱን ለማወቅ አንዲት ስልክ ትበቃቸዋለች። ሰዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ በጥድፊያ ዞሩ።

ደረጃውን ወንዶች መውረድ ጀመሩ። ከመሃላቸው አንዱ ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፤ እግሩ መራመድ የረሳ ይመስላል። ግዛው ጋ ሲደርስ ቆመ። ግንባሩ ላይ ክብ ሰማያዊ ቁስል አለ። ብሩኬ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ሰው አየው፤ ድምፁን ግን ያውቀዋል። ለቀስተኛ ለሐዘንተኛ እንደሚያደርገው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «እግዜር ያጥናህ» አለው። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ ወደ ለቡ የሚጠራ ሚኒባስ ቆሞ ነበር፤ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ብርነሽ ድንኳኑ ውስጥ በፍራሹ ላይ ተቀምጣ በሸራው ክፍተት ትመለከት ነበር። ሚኒባሱ ሲታጠፍ አፏን የሸፈነችበትን ነጠላ አወረደች።

«እማዬ!» አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ያመቀችው ወጣ። ጩኸቷ እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሰማ፤ ተነስታ ወደቀች፣ ፀጉሯን ነጨች፣ የእናቷን ስም እየደጋገመች ጠራች። እትዬ ሸዋረገድ አቅፋት «ተመስገን፣ ወጣላት፣ እልል በሉ እንባዋ መጣ!» እያለች አብራት አለቀሰች። ጋሽ ኑሪ ከድንኳኑ ብቅ ብሎ ግዛውን በር ላይ ቆሞ አገኘው።

«ምን ትገተራለህ ልጄ? ግባና ያዛት እንጂ! ካንተ ሌላ ማን አላት?»

«እርስዎ ይያዙልኝ» አለ ግዛው።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ መንዘር ጀመረ፤ አላነሳውም። ሁለቱ ሰዎች ከብሎኩ ጀርባ ዞረው፣ አንደኛው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ፣ ወደ እሱ እየመጡ ነው። መሮጥ ይችል ነበር። ግን ልቅሶዋን ከዚያ ቦታ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል፤ ከእንግዲህ ድምፅዋን የሚሰማበት ሌላ ቀን እንደማይኖር ስላወቀ አልተነሳም።